የጨው ውሃ ትምህርት በፖስታ

ምዕራብ ፎክላንድ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1973

ይድረስ በአካል ለማላውቃቸው፣ ስማቸው ግን ከቤታችን ጠፍቶ ለማያውቀው ለአክስቴ ለሚስ ኦሊቭ ታተርሶል፣ ዊድነስ፣ እንግሊዝ።

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝዎት። እኛ ከነፋሱ በቀር የሚያስቸግረን የለም፤ ነፋሱም ከእኛ በፊት የነበረ ነውና ቅር አንሰኝበትም። ሲረል እባላለሁ። አባትዎና አያቴ ወንድማማቾች ነበሩ፤ አያቴ ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ በጎቹ መሐል የቀረው ሰው ነው። እሱ ስለ ዊድነስ ሲያጫውተን ሁልጊዜ ስለ ሽታው ነበር። «የዊድነስ ሰው ከፋብሪካው ጋር የሚስማማው አፍንጫው ከሞተ በኋላ ነው» ይለን ነበር። ከተማዋ ዛሬም ትሸታለች?

ሰው ከሩቅ ዘመዱ ደብዳቤ ሲደርሰው ቶሎ ብሎ ኪሱን ይዳብሳል። አይስጉ፣ ገንዘብ አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎት ምናልባት ከገንዘብ ይከብዳል። ሊኔት የምትባል አንዲት ልጅ አለችን፤ አሥራ ስድስት ሊሞላት ነው። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ሊቨርፑል ያለው የነርሶች ትምህርት ቤት ግን ኬሚስትሪ ካላለፈች አንቀበልም ብሎ ጻፈልን። ፈተናው በመጪው ጁን መጨረሻ ዋና ከተማችን ስታንሊ ይሰጣል። እዚህ ደሴት ላይ አስተማሪ የምንለው በፈረስ የሚዞር ሰው ነው፤ ጥቂት ቀን ያድራል፣ ሾርባችንን ያመሰግናል፣ ወደሚቀጥለው እርሻ ይሄዳል። ሒሳብና ታሪክ ይችላል። ኬሚስትሪ ስንለው ስለ ዶሮ በሽታ ያወራናል። የቅርብ ጎረቤታችንም በፈረስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ እሱም ከእኔ ብዙ አይሻልም።

ካላለፈች እንደ እናቷ እንደ ግሬታ ለበግ ሸላቾች ሥጋ ስትቀቅል ትኖራለች። ይህን እንድጽፍ የገፋችኝ ግሬታ ራሷ ናት። እርስዎ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነዎት ሲባል ሰምተናል። በደብዳቤ ያስተምሩልን ይሆን? ድካምዎን አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የምናውቀው ሰው የለም።

አክባሪዎ፣ ሲረል ታተርሶል

ዊድነስ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1973

ለልጄ ለሲረል። ልጄ ማለቴን አትቀየመኝ፤ ሰውን ሁሉ ልጄ ማለት የሥራዬ በሽታ ነው።

ሰላም ለቤትህ፣ ለግሬታና ለሊኔት ይሁን። ደብዳቤህ የደረሰኝ የአንድ ክፍል ደብተር ሙሉ አርሜ ስጨርስ ነው። ሁሉም ተመሳሳይ ስህተት ጽፈዋል፤ ወላጆቻቸውም በዕድሜያቸው ይህንኑ ስህተት ጽፈውልኝ ነበር። ያን ቀን በዓለም ላይ አንድ ተማሪ እንኳ መጨመር አልፈልግም ነበር። ግን «ስለ ዶሮ በሽታ ያወራናል» ያልከውን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ከሳቅሁም ቆይቻለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የእናንተ ጎረቤት እንዲህ ከሆነ ግን ሩቁ ዘመድ ይሞክር።

ስለ ሽታው የጠየቅኸኝ፣ አየሩ በጣም ጠርቷል። ባለፈው የጸደይ ጊዜ ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ስነሳ ከተማው ምንም አይሸትም ነበር። ፋብሪካዎቹ በመጨረሻ መጽዳት ወጉ ደርሷቸዋል አልኩ። ጎረቤቴ ይህን ስነግራት ዓይን ዓይኔን አይታ ዝም አለች። ጉንፋኑ የምግብ ፍላጎቴንም ይዞት ሄዷል፤ የአሳውም የድንቹም ጣዕም አንድ ሆኖብኛል። እርጅና ነው መቼስ።

የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች አብሬ ልኬአለሁ። ሊኔት ያልገባትን ሳታፍር ትጻፍልኝ። እኔ የምሰለቸው ባልጠየቀ ተማሪ ነው።

ኦሊቭ

ምዕራብ ፎክላንድ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1973

ለተከበሩ አክስቴ፣ የገና በዓልን በሰላም ያሳልፉ ዘንድ እንመኛለን።

ጥቅሉ ደርሷል። ሊኔት ወረቀቶቹን ከራስጌዋ አታጠፋም፤ እናቷ ዕቃ እጠቢ ስትላት «አሲድና አልካላይ ላይ ነኝ» ትላለች። ይህ ምክንያት በዚህ ቤት አዲስ ስለሆነ ለጊዜው እየሠራ ነው። ከሙከራ ጥያቄዎቹ ብዙውን እንደመለሰች አብረው ከላኩት የመልስ ወረቀት ጋር አስተያይተን አወቅን፤ ግሬታ ያን ገጽ አጥፋ በመሳቢያዋ ከታዋለች። የበግ ሽለታው ስለደረሰ እኔ ቆሜ ነው የማንቀላፋው፤ ደብዳቤው ቢያጥር ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ኤሌክትሮሊሲስ የሚሉት ላይ ተሰናክላለች። የራሷን ቃል እጽፋለሁ፦ «አክስቴ፣ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው ብለውኛል። በጨው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ክሎሪኑ በአንዱ ዘንግ ይወጣል። ታዲያ በሌላው ዘንግ ሶዲየሙ ለምን አይወጣም? ሃይድሮጅን ከየት መጣ? እኔ ሃይድሮጅን አልጨመርኩም።» እኔም አልገባኝም፤ ኤሌክትሪክ የማውቀው የነፋስ ወፍጮው ከሚሞላቸው ባትሪዎቻችን ብቻ ነው። ለበጎቹ ስንት ዓመት ጨው ስሰጥ ስለ ሶዲየም አስቤ አላውቅም።

ሲረል

ዊድነስ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1974

ለሲረልና ለቤተሰቡ፣ አዲሱ ዓመት ከአሮጌው ይሻላችሁ። ለእኛ እስካሁን አልተሻለም። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎቹና መንግሥት ተጣልተው ኤሌክትሪክ በራሽን ሆኗል፤ ፋብሪካው በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚሠራው፣ እኛም በሻማ ነው የምናርመው። ኤሌክትሮሊሲስን ያለ ኤሌክትሪክ አስተምሪ ተብያለሁ። ከመካኒኩ አሮጌ የመኪና ባትሪ ለምኜ፣ በልጆች ጋሪ ገፍቼ ትምህርት ቤት አደረስኩት። በዕድሜዬ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።

ልጆቹም ልጆች አይደሉም ዘንድሮ። ማሞቂያ በሌለበት፣ በዚህ ብርድ፣ ሙከራውን ስጀምር ተነስተው መስኮቱን ይከፍታሉ። እዘጋለሁ፣ ጀርባዬን ስሰጥ ደግሞ ይከፍታሉ። ዶና ራትክሊፍ የምትባል አንዲት አለች፣ ከመስኮቱ ሥር አትነሳም። «ዶና፣ ልትገድይን ነው?» ስላት «አይ ሚስ፣ እንዲያውም» ትለኛለች። ምላሷ ረጅም ነው።

አሁን ለሊኔት። የእኔ ቆንጆ፣ ጥያቄሽ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከተጠየቅኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው፤ ክፍሌ ውስጥ ያሉት ሳይጠይቁ «ሶዲየም» ብለው ጽፈው ነው የሚሳሳቱት። ሃይድሮጅኑን አንቺ አልጨመርሽም፤ ውሃው ይዞት መጥቷል። አሉታዊው ዘንግ ዘንድ ሁለት እንግዶች ይደርሳሉ፣ ሶዲየምና ሃይድሮጅን። በር የሚከፈተው ለአንዱ ነው። ሶዲየም ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን መቆም የማይወድ ብረት ስለሆነ ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ሃይድሮጅን ግን በቀላሉ ይለቅና አረፋ ሆኖ ይወጣል። እንደ መዳብና ብር ያሉ ረጋ ያሉ ብረቶች ቢሆኑ ኖሮ ብረቱ ቀድሞ ይወጣ ነበር። በአዎንታዊው ዘንግ ደግሞ ጨው የበዛበት ውሃ ከሆነ ክሎሪን ይቀድማል።

ይህን ከማመን ማየት ይሻላል። አባትሽ የነፋስ ወፍጮው የሚሞላቸው ባትሪዎች አሉን ብሎኛል። ካለቀ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ ጥቁሮቹን የካርቦን ዘንጎች አውጪ። ጨው አልሟሟም እስኪል ድረስ ውሃው ውስጥ ጨምሪ። ዘንጎቹ አይነካኩ። ነፋስ በማይገባበት ቦታ አድርጊው፤ አለዚያ ሃይድሮጅኑን በክብሪት ስትፈትኚ ይጠፋብሻል። ከአዎንታዊው ዘንግ በላይ በዚህ ፖስታ ውስጥ የላኩልሽን ሰማያዊ የአሲድ መፈተሻ ወረቀት አርጥበሽ ያዢ፤ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይነጣል። ጊዜ ይወስዳል። አጠገቡ ተቀመጪ፣ ዓይንሽን አትንቀዪ፣ ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ።

ኦሊቭ

ዊድነስ፣ ማርች 24 ቀን 1974

ለሲረል። ሰላምና ጤና ለቤትህ እመኛለሁ።

መልስ ሳይመጣ ቆየ። ፖስታው ነው ብዬ ነበር፤ የእኛም የእናንተም እንደሚዘገይ አውቃለሁ። ግን ሊኔት ያየችውን ቶሎ ትጽፋለች ብዬ ስለጠበቅሁ በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ ፖስተኛው ይመስለኛል። ሙከራው አልሠራላት ይሆን? ካልሠራ ዘንጎቹን ታቀራርባቸው። ፈተናው እየቀረበ ነው፤ የቀረው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው።

ደክሞኛል፤ የተለየ ነገር የለም። አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ኦሊቭ

ምዕራብ ፎክላንድ፣ ማርች 3 ቀን 1974
(በፖስታ ዘግይቶ ኤፕሪል 2 የደረሰ)

ለሚስ ታተርሶል።

ሊኔት በሕይወት አለች። ይህን ያስቀደምኩት እኔ ደብዳቤ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ስለሆነ ነው።

ነፋስ የማይገባበት ቦታ ብለው ስለጻፉ ባትሪዎቹ ያሉባት ትንሿ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች። በሩ ሥር ያለውንም ክፍተት በጆንያ ደፈነች፤ ክብሪቱ እንዳይጠፋባት። አጠገቡ ተቀመጪ ስላሏት ተቀመጠች። ዓይንሽን አትንቀዪ ስላሏት ዓይኗ እያነባ አየች። ልጄ የታዘዘችውን የምትፈጽም ልጅ ናት። ሽታው ሲያንቃት የትምህርቱ አካል መስሏት በመሐረብ አፏን ይዛ ትጽፍ ነበር። እናቷ ለምሳ ስትጠራት አጥታ፣ በሩን ገፍታ ስታወጣት መተንፈስ አቅቷት ነበር።

እዚህ ሐኪም የምናገኘው በሬዲዮ ነው፤ ደሴቱ በሙሉ እየሰማ። ሐኪሙ «ምን ሸተተህ?» አለኝ። «ከልብስ ማንጫው ዓይነት» አልኩ። አንዲት ሴት ከየት እንደሆነች ሳላውቅ መሐል ገብታ «ወተት ስጧት!» ትላለች። ሌላው «ወተት አይሰጣትም፣ ወደ ነፋስ አውጣት» ይላል። ሐኪሙ «ክሎሪን ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል፤ ሁላችሁም ዝም በሉልኝ!» ብሎ ጮኸ። አውሮፕላኑ በማግስቱ መጥቶ ወደ ስታንሊ ወሰዳት። አሁን ቤት ገብታለች። ዳገት ስትወጣ ትስላለች፤ ድምፅዋም የእሷ አይመስልም።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የምፈልገው አንድ ቃል ነበር፦ መስኮት። ወይም በር። ወይም «ይሸታል፣ ተጠንቀቂ»። የለም። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? በዓይኔ ያላየሁትን ሰው ቃል አምኜ ልጄን ሰጠሁ። ባትሪ ቤቱን ቆልፌዋለሁ። ኬሚስትሪ በዚህ ቤት አበቃ።

ሲረል

ዊድነስ፣ ኤፕሪል 7 ቀን 1974

ለሲረል፣ ለግሬታና ከሁሉም በላይ ለሊኔት።

ሰላም ለማለት አፍራለሁ፤ ቢሆንም ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አይሸተኝም። ከዚያ ጉንፋን ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ጋዝ ቢፈስ፣ ዳቦ ቢያር፣ ከተማው በሙሉ ቢግማ አላውቅም። ፋብሪካዎቹ አልጸዱም፤ ጎረቤቴ ዝም ያለችኝ ለዚህ ነው። እኔም ካወቅሁት ቆይቻለሁ፣ ግን ለሰው ብናገር ከቤተ ሙከራው ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለኝም። ዓይኔ ያያል፣ ወረቀቱ ሲነጣ አያለሁ፣ ይበቃኛል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ጠንቅቄ የሠራሁት መስሎኝ ነበር።

ድሮ ይህን ሙከራ ሳሳይ ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «መስኮት!» ነበር። ቃሉን የሚያስወጣኝ አፍንጫዬ እንደሆነ አላውቅም ነበር። አፍንጫዬ ዝም ሲል አፌም ዝም አለ። ይህ ምክንያት እንጂ ማስተባበያ አይደለም። ልጅሽን አንቄ ነበር፣ ግሬታ። ሌላ ስም የለውም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጠዋት ክፍል ገባሁ። መስኮቱ ተከፍቷል። ዶና ከሥሩ ተቀምጣለች። ምንም ሙከራ አልነበረንም፤ የጨው ውሃውን ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ ስላዩ ብቻ ነው።

«ዶና» አልኳት፣ «ይህን መስኮት ለምንድነው የምትከፍቺው?»

ወደ ኋላ ዞራ ጓደኞቿን አየች።

«ንገሪያት እንጂ» አለ ከኋላ አንዱ።

«አንተ ንገራት!»

«ሚስ» አለች ዶና መጨረሻ ላይ፣ «እርስዎ እኮ አይሸትዎትም። ከገና በፊት ጀምሮ እናውቃለን። ግሪንሃል ሆን ብሎ የበሰበሰ ዕንቁላል ጠረጴዛዎ ሥር አስቀምጦ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ ከላዩ ቆመው አስተማሩን።»

«ይቅርታ ሚስ» አለ ግሪንሃል።

«ታዲያ ተራ አወጣን። አንድ ሰው መስኮት፣ አንድ ሰው በር። ሲብስብን ኪዝ ይስልና እርስዎ ‹ውሃ ጠጣ› ሲሉት በሩን ከፍቶ ይወጣል።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ቢያባርሩዎትስ?» አለች። «የሚመጣው ሰው ከእርስዎ ይብሳል። እርስዎ ቢያንስ ሲያስረዱ ይገባናል።»

እኔ እየተቆጣሁ የዘጋሁት መስኮት እነሱን ያተረፈው ነበር። ሊኔት ግን ብቻዋን ነበረች። መስኮት የሚከፍትላት፣ ከኋላዋ ሆኖ የሚስልላት ጓደኛ አልነበራትም። እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም አልበቃሁም። ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ልጆቹ ፊታቸውን አዙረው ደብተር የሚያነቡ መሰሉ።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጠሁት። እስከ ክረምቱ ዕረፍት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አስተምራለሁ፣ ከዚያ እሰናበታለሁ። ጡረታዬ ከታሰበው ያንሳል። ይህን የነገርኩህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ከእንግዲህ ማንም ልጅ በእኔ እጅ እንደማይታነቅ እንድታውቅ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። በእኔ ጥፋት ልጅቷን አትቅጣ። ልጅህ ታንቃ እንኳ ስትጽፍ የነበረች ልጅ ናት። ከእኔ መማር ካልፈለገች ከሌላ ትማር፣ ስታንሊ አንድ ሰው ፈልግላት። ፈተናውን ግን አትቆልፍባት።

ኦሊቭ

ምዕራብ ፎክላንድ፣ ሜይ 5 ቀን 1974

ለአክስቴ ለሚስ ኦሊቭ፣

እንደምን አሉ? እኔ ሊኔት ነኝ፤ ብቻዬን ስጽፍልዎት የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ይህን ሳላሽግ ያነበዋል፣ ስለዚህ አባዬ፣ ሰላም።

ደብዳቤዎ የመጣ ዕለት አባቴ አንብቦ ወደ በጎቹ ወጣ፤ ሲመሽ ነው የተመለሰው። እናቴ የባትሪ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። እስካሁን እዚያው ነው፤ ማንም አላነሳውም፣ ማንም መልሶ አልደበቀውም። በራት ሰዓት አባቴ «ስንት ምዕራፍ ቀረሽ?» አለኝ። «አንድ» አልኩት። «እንግዲያው ጨርሺው» አለኝ። ይቅር ብሎዎት እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ ቶሎ የሚናገር ሰው አይደለም። እኔ ግን የሆንኩትን ልንገርዎት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ከዚያ ግን እርስዎ ልጆቹ ፊት ተቀምጠው እንዳለቀሱ ሳነብ ንዴቱ ለቀቀኝ። ሳሉም ቀንሷል። ነርስ ስሆን አንቆት የሚመጣን ሰው ስሜቱን አውቅለታለሁ።

ያየሁትን ጻፊልኝ ብለውኝ ነበር፤ ሳልጽፍልዎት ቀርቷል። ወረቀቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። በሌላው ዘንግ አረፋው ብዙ ነበር፤ ክብሪት ሳስጠጋ እንደ ትንሽ ውሻ ጮኸ። ሶዲየም አልመጣም። አሁን በፈተና ማንም ሶዲየም ሊያስብለኝ አይችልም።

የቀረው ምዕራፍ የመዳብ ሰልፌት ነው። እኛ ለበጎቹ ሰኮና የምንጠቀምበት ሰማያዊ ድንጋይ እሱ ነው ይላል መጽሐፉ፤ ጎተራ ሙሉ አለን። አባቴ ደጅ ላይ ከሆነ ይፈቅዳል፣ አጠገቤ እንደሚቆምም ነግሮኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ። እሱስ ይሸታል? እርስዎ ካልሸተተዎት ሌላ ሰው ጠይቀው ይንገሩኝ።

ሊኔት

ዊድነስ፣ ሜይ 26 ቀን 1974

ለሊኔት፣ ሳልሽን እግዚአብሔር ይንቀልልሽ።

የቤተ ሙከራው ቁልፍ ስለሌለኝ የተረከበው አስተማሪ ከፍቶልን፣ ቆሞ እያየን የመዳብ ሰልፌቱን ሙከራ ሠራነው። ዶና ራትክሊፍ አፍንጫዋን እስከ ብርጭቆው አፍ አስገብታ አሸተተችልኝ። ፊቷን አላጨማደደችም። «ሚስ፣ ምንም አይሸትም፣ እውነቴን ነው» አለች። ግሪንሃልም ተጠርቶ አሸተተ፤ ኪዝም። ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው። በአሉታዊው ዘንግ ቀይ መዳብ ይለጠፋል፤ በአዎንታዊው የሚወጣው ኦክስጅን ነው፣ የምንተነፍሰው።

ስለዚህ አይሸትም፣ አያንቅም። አባትሽ አጠገብሽ ይቁም። አንቺ ግን ደጅም ብትሆኚ መስኮቱን ክፈቺ።

አክስትሽ ኦሊቭ